ውሉ የታለ?

ከመድረክ ጀርባ መሥራት በጀመርኩበት ወር አንድ ጥቁር መጋረጃ እንዳስር ታዘዝኩ። ሥራው ቀላል ነበር። በሁለተኛው ገቢር መካከል መብራት ሲጠፋ ገመዱን ፈትቼ መጋረጃውን እለቃለሁ፤ ከኋላው ተሸፍኖ የቆየው የቤተ መንግሥት ደጅ ይታያል። ያለ ሰዓቱ እንዳይፈታ ብዬ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ልቤ አላርፍ ቢለኝ ሦስተኛ ደረብኩበት። መብራቱ ጠፋ። ጣቶቼ ቋጠሮውን በጨለማ አገኙት፤ ቋጠሮው ግን የመጋረጃው ክብደት ሲጎትተው አምሽቶ ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ሞከርኩ። ተዋንያኑ ቦታቸውን ይዘው ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ከአዳራሹ አንድ ሰው ሳለ፤ ቀጥሎ ሌላው። በመጨረሻ አንድ እጅ ከጎኔ መጥቶ የእኔን ገለል አደረገና ገመዱን በምላጭ ቆረጠው።

ተመልካቹ ወጥቶ ካለቀ በኋላ የመድረኩ አንጋፋ ሠራተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ያንን ጉማጅ ገመድ በመዳፋቸው ይዘው መጡ። አልተቆጡም። ቋጠሮዬን አገላብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ከዚያ በእርግጥ መልሱን ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው፣

«ልጄ፣ ውሉ የታለ?» አሉኝ።

ውል ምን እንደሆነ አላጣሁትም። አያቴ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ያደግሁ ነኝ። ልቃቂት ሲጠቀለል የክሩ ጫፍ የት እንደቀረ ማወቅ የፈታይዋ ኃላፊነት ነው። ጫፉ ከጠፋ ክሩ ቢኖርም እንደሌለ ነው፤ ሸማኔው ምኑን ይዞ ይጎትታል? ነገር ሲወሳሰብብን «ውሉ ጠፋ» እንላለን። ሁለት ሰዎች የሚፈራረሙትንም ውል እንለዋለን። የጋሼ ጥያቄ ሁለቱንም የያዘ መሰለኝ። ቋጠሮ የሚቋጥር ሰው በኋላ ከሚፈታው ሰው ጋር ተዋውሏል። የሚፈታው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በጨለማ፣ በጥድፊያ፣ እጁን ላብ አርሶት ሊመጣ ይችላል። ለዚያ ሰው የሚያዝ ጫፍ መተው የአሳሪው ዕዳ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከመድረክ ጀርባ ያለውን ዕቃ ሁሉ የማየው በዚህ ጥያቄ ነው። ግንበኛን የምናመሰግነው ግድግዳው ዘመን ስለተሻገረ ነው፤ አናጢን መጋጠሚያው ስላልላላ። ቴአትር ቤት ውስጥ ግን ማታ የቆመው ቤት በሃያ ሰከንድ ጨለማ ውስጥ መነሳት አለበት፤ በማግስቱ ያው ቤት በዚያው ቦታ፣ ልኩን ሳይስት፣ ተመልሶ ይቆማል። አጥብቆ የሚይዝና በአንድ ስበት የሚፈታ፤ ሁለቱን ጠባይ በአንድ ሰውነት ያልያዘ ዕቃ ከመድረክ ጀርባ ቦታ የለውም።

ከገመድ ልጀምር፤ ቴአትር ለረጅም ዘመን የገመድ ቤት ነበርና። ሞተርና የብረት ኬብል ከመምጣታቸው በፊት ከተዋናዩ ራስ በላይ የሚሰቀለው ሁሉ፣ በሸራ ላይ የተቀባው ሰማይ፣ ደመናው፣ መጋረጃው፣ የሚወጣውም የሚወርደውም በገመድ ነበር። ገመዱ ከተሸከመው ዘንግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ እዚያ በመዘውር ላይ ያልፍና በመድረኩ ጎን ወርዶ ወፍራም የእንጨት አግዳሚ ላይ ይታሰራል። በአግዳሚው ላይ በተርታ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ በየቀዳዳው ራሱ ወፈር ያለ የዱላ ቁራጭ የመሰለ ችካል ተሰክቷል። ገመዱ በችካሉ ሥር ይዞርና ወደ ላይ ወጥቶ በአናቱ ይዞራል፤ እንደገና ይወርዳል፤ እየተሻገረ ስምንት ቁጥር ይሠራል። ይህ ከመርከብ የመጣ አስተሳሰር ነው። የማደንቀው ነገሩ ቋጠሮ የሚባል ነገር በውስጡ አለመኖሩ ነው። የሰው ክብደት የሚያህል ሸክም አየር ላይ ይዞ የሚያድረው ገመዱ ከእንጨትና ከራሱ ጋር መተሻሸቱ ብቻ ነው። ችካሉን ከቀዳዳው መዘዝ ያደረጉት እንደሆነ ጥምጥሙ በሙሉ በአንድ ጊዜ ረግፎ ገመዱ ነጻ ይወጣል። የዚህ አስተሳሰር ውሉ ችካሉ ራሱ ነው።

በብዙ የአውሮፓ ቴአትር ቤቶች ከመድረክ ጀርባ ማፏጨት ዛሬም ነውር ነው። ድሮ ገመዱን የሚስቡት መርከበኞች ነበሩ፣ የሚግባቡትም በፉጨት ነበር፤ ስለዚህ ያለ ቦታው የተፏጨ ፉጨት የተቀባውን ሰማይ የሰው አናት ላይ ሊያወርድ ይችል ነበር ይላሉ። እውነትነቱን ማንም ቢከራከርበት የገመዱን አያያዝ ያየ ሰው መርከበኛውን እዚያ ውስጥ ማየቱ አይቀርም።

ከእነዚህ ገመዶች የተከበረው «ማኒላ» የሚባለው ነበር። የሚፈተለው ከፊሊፒንስ በሚመጣ፣ አባካ በሚባል ተክል ቃጫ ነው። አባካ የእንሰት ዘመድ ነው። ይህን ባነበብኩ ዕለት ወደ ዕቃ ቤት ሄጄ ጥግ ላይ የተጠቀለለውን አሮጌ የቃጫ ገመድ አንስቼ አሸተትኩት፤ እንሰት ሲፋቅ የዋለበት ጓሮ ሽታ አልነበረውም፣ የአቧራ ሽታ ነበረው፤ እጄ ላይ ግን ያው ሸካራነት ነበር። ያ ሸካራነት ነው ዋጋው። ቃጫ ቃጫን ይነክሳል፤ ሲለቁት ግን ይለቃል። ናይለን ገመድ ጠንካራ ነው፣ አይበሰብስም፣ ዋጋውም ደህና ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ወይ ይንሸራተታል፣ ወይ ከጠበቀ በኋላ እንቢ ይላል፤ በእጅ ውስጥ ሲሮጥም ያቃጥላል።

ከዘንግ ላይ ገመድ ለማሰር ጋሼ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ገመዱን በቧንቧው ላይ አንድ ጊዜ ታዞራለህ፤ ራሱን ገመዱን አቋርጠህ በጎኑ ሁለተኛ ዙር ታዞራለህ፤ ጫፉን በሁለተኛው ዙር ሥር ታሾልካለህ። አለቀ። ክብደት ሲንጠለጠልበት ሁለቱ ዙሮች እርስ በርስ ይናከሳሉ፤ ክብደቱ ሲነሳለት በሁለት ጣት ገፋ ቢያደርጉት ይላላል። ለጥንቃቄ ከሥሩ ግማሽ ቋጠሮ ይጨመርበታል። መጋረጃ ሲሆን ደግሞ አስተሳሰሩ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው የጫማ ክር ነው፤ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ጭራ። መጋረጃው አናት ላይ በየስንዝሩ የተሰፉ ማሰሪያዎች አሉ፤ የመሐሉ ማሰሪያ በቀለም ከሌሎቹ ይለያል። መጀመሪያ እሱ የዘንጉ ልክ መሐል ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወጠረ ይኬዳል። ከዳር የጀመረ ሰው መጨረሻ ላይ ወይ ጨርቅ ይተርፈዋል ወይ ዘንግ።

ይህን ለሁለት ሳምንት ያህል ከወንበር እግር ላይ አሰርኩ፣ ፈታሁ። መጀመሪያ በብርሃን፤ ቀጥሎ ዓይኔን በነጠላ ታስሬ፤ በመጨረሻም ጋሼ እጄን ውሃ እያስነከሩኝ። «ላብ ቀጠሮ አይሰጥም» ይሉ ነበር።

ገመድ ምን ያህል እንደሚያደርስ ያየሁት በፊልም ነው። ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ በድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት አጠገብ በ1766 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቴአትር ቤት አለ። ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ በ1792 ከተገደለ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ዕቃ ማከማቻ ሆነ። በ1921 አግኔ ቤየር የሚባል የቴአትር ታሪክ አጥኚ አንድ ሥዕል ፍለጋ ገብቶ የመድረኩን መሣሪያ በአቧራ ሥር እንዳለ አገኘው። ከወለሉ በታች ያለው ትልቁ የእንጨት ማዞሪያ፣ ደመና የሚያወርደው ዘንግ፣ ጠመዝማዛ ተደርገው ተቀርጸው ሲሽከረከሩ ባሕር የሚመስሉት ግንዶች፣ ድንጋይ እየተንከባለለበት የሚያጓራው የነጎድጓድ ሣጥን፣ ሁሉም በቦታው ነበር። ገመዱን አዲስ አደረጉለት፤ በዓመቱ ቤቱ ተከፈተ፤ ዛሬም በዚያው መሣሪያ ይሠራል። ማዞሪያው ሲዞር በግራና በቀኝ የቆሙት የተቀቡ ገጾች በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይንሸራተቱና ጫካው ቤተ መንግሥት ይሆናል። ከመቶ ዓመት በላይ ተኝቶ የነቃ መሣሪያ ነው። እንጨቱ እንደነበረ ቆየ፣ የሚያልቀው ገመድ ተለወጠ። የሠሩት ሰዎች ዕቃቸው ውስጥ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚያልቅ አውቀው ያንን ክፍል ለመለወጥ ቀላል አድርገው ትተውታል።

ከገመድ ቀጥሎ ልቤ ያለው ፕላስተር ላይ ነው፤ ጥቁሩ የጨርቅ ፕላስተር፣ በውጭ አገር የሙያው ሰዎች ጋፈር የሚሉት። ለማያውቅ ሰው ቧንቧ ሲያፈስ ከሚጠመጠመው የሚያብረቀርቅ ፕላስተር ወይም ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ናስትሮ ብዙም አይለይም። እጅ ላይ ሲይዙት ግን ሌላ ነው። ጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ በሁለት አውራ ጣት ይዘው ሲቀዱት ድሩን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፣ መቀስ አይጠይቅም። ፊቱ ደብዛዛ ስለሆነ የመድረክ መብራት ቢያርፍበት መልሶ አይወረውረውም። ከሁሉ በላይ ማጣበቂያው ነው፤ ኬብል ወለል ላይ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ መቶ እግር ይረግጠዋል፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ደግሞ ወለሉ ላይ ሙጫ ሳይተው ይነሳል። የሚያብረቀርቀው ፕላስተር በተነሳበት ቦታ የሚተወው ዝልግልግ ግን ለወራት አቧራ ሲሰበስብ ይኖራል። በእኔ ጊዜ ጥቁሩ ፕላስተር በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ ጋሼ ጥቅሉን በቁልፍ ነበር የሚያስቀምጡት።

አንድ ቀን ኬብል ሲለጥፉ ቆሜ አየኋቸው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ የጥፍር ያህል ወደ ውስጥ አጠፉትና ከዚያ ተጫኑት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሌሊት ስናፈርስ እኔ ያጣበቅሁትን በጥፍሬ እየፈለፈልኩ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ዳሩን ስፈልግ፣ እሳቸው ያጣበቁትን በእግራቸው ዳበስ አድርገው እጥፋቷን አገኙ፤ ጎንበስ ብለው ስበው ጨረሱት። አሥር ሜትር ፕላስተር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተከታትሎ ተነሳ። ከጥፍር የማትበልጥ እጥፋት ናት። ለማጠፍ ግማሽ ሰከንድ ትፈጃለች፤ ያላጠፈ ሰው ያንን ግማሽ ሰከንድ የሚከፍለው በሌላ ሰው ጉልበት ነው።

ፕላስተር ወለል ላይ ቋንቋም ነው። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ አልጋው የት እንደሚያርፍ በትንንሽ የፕላስተር ቁራጮች ይጠቆማል፤ ለእያንዳንዱ ትዕይንት የየራሱ ቀለም። ጎበዝ ሰው አራቱንም እግር አያመለክትም፤ ወደ ኋላ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ያመለክታል። ዕቃው ሲቀመጥ ምልክቱን ከተመልካች ይጋርደዋል፣ ሁለት ነጥብ ደግሞ ለጠረጴዛ ልክ ይበቃዋል። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጨለማ የሚያበራ ፕላስተር ይለጠፋል። እሱ ግን ብርሃን ሳይጠጣ አያበራም፤ ቀድሞ በዚንክ ሰልፋይድ ይሠራ ነበር፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጣው ስትሮንቲየም አሉሚኔት ብዙ ሰዓት ይዘልቃል። ትዕይንት ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው በእጅ ባትሪ እየዞረ ብርሃን ያጠጣዋል። እኔ ያንን ሥራ ዕጣን እንደማጠን እወደው ነበር።

የሥራ ዕቃዎቻችን ስም ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ፣ ብሎን። ብሔራዊ ቴአትራችን ራሱ በወረራው ዘመን ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ሕንፃ ነው፤ ተጠናቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም.፣ በንጉሡ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል፣ በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ሕንፃውን ተቀብለን ለራሳችን ጉዳይ እንዳዋልነው ሁሉ የዕቃዎቹንም ስም ተቀበልን። ከመካከላቸው ግን አንዱ የአማርኛ ስሙን አላስነጠቀም፤ መፍቻ። ብሎን የሚያጠብቀውም የሚያላላውም ይኸው ብረት ነው፤ እኛ ግን ማጥበቂያ አላልነውም። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ቴአትር ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ይመስለኛል።

የመብራት ሠራተኛው መፍቻ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ ዓይነት ነው፤ ትንሽ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ። እጀታው ጫፍ ላይ ባለው ቀዳዳ ገመድ ገብቶ ከሠራተኛው ቀበቶ ጋር ይታሰራል። መሰላል አናት ላይ ከእጅ የሚያመልጥ ብረት ከታች የሚቆም ሰው ራስ ላይ ነውና የሚያርፈው። ዘንጉ ላይ የሚሰቀለው እያንዳንዱ መብራትም ከያዘው ብሎን ሌላ ዙሪያውን የሚያቅፍ ሰንሰለት ወይም ኬብል አለው፤ ብሎኑ ቢከዳ ያ ይይዘዋል። በዚህ ቤት በትዕይንት ሰዓት ሊፈቱ የማይገባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የመፍቻው ገመድና የመብራቱ ሰንሰለት። ጋሼ የመፍቻቸውን ገመድ ሲያስሩ አየኋቸው። ያን ጊዜ ሦስት ጊዜ ቋጠሩ። እኔ መጋረጃው ላይ የሠራሁት ቋጠሮ ነበር፤ በቦታው ሲሆን ልክ ነው።

የተቀቡት ግድግዳዎች ከእንጨት ክፈፍና ከተወጠረ አቡጀዲ የተሠሩ ናቸው። አቡጀዲው በሙጫ ውሃ ሲቀባ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ሁለት ግድግዳ ሲገጣጠም የበር ማጠፊያ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ላይ ይመታል፤ መሐላቸው ላይ የሚገባው ሚስማር ግን ልቅ ነው፣ አናቱ ተቆልምሞ የጣት መያዣ የተሠራለት። ሚስማሩ ሲመዘዝ ክፍሉ ሁለት ቦታ ይሆናል። ድምፅ እንኳ አይሰማም። ግድግዳ የማስተኛት ብልሃት ደግሞ አለ፤ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደንግጬ ጮኼአለሁ። አንድ ሰው የግድግዳውን እግር በጫማው ይረግጥና ዝም ብሎ ይለቀዋል። ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሚሆን ግድግዳ ወደ ወለሉ ይወድቃል፤ ሲቃረብ ግን ከሥሩ የታፈነው አየር ትራስ ይሆነውና ቀስ ብሎ፣ ጨርቅ እንደሚነጠፍ፣ ያርፋል። ፊታችን ላይ ነፋስ ይመጣል፤ ወለሉ ላይ ያለው አቧራ በአራቱም በኩል ይሸሻል። ይህ የሚሆነው አቡጀዲው በደንብ ከተወጠረ ብቻ ነው፤ የተቀደደ ወይም የላላ ግድግዳ አየሩን ያሾልክና ጓ ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ ግድግዳ አስተኝቶ ማየት የወጣሪውን እጅ መመርመር ነው።

አልባሳት ክፍል ያሉት እትዬ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። አንድ ተዋናይ ደጃዝማች ሆኖ ይወጣል፣ ደቂቃ ሳይሞላ መነኩሴ ሆኖ ይገባል። ካባው በሙካሽ የተጠለፈ፣ ከአንገት እስከ ደረት ወርቃማ ቁልፎች የተደረደሩበት ነው። ተመልካቹ ቁልፎቹን ያያል፤ አንዱም አይከፈትም። ቁልፎቹ የተሰፉት ከላይ ለዓይን ነው፣ ከሥራቸው በጣት ሲጫኗቸው ጠቅ ብለው የሚገጥሙ ትንንሽ ብረቶች ተደብቀዋል። ቬልክሮ ለምን እንደማይጠቀሙ ጠየቅኋቸው። «ይጮኻላ!» አሉኝ። በእርግጥም ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ከመድረክ ጀርባ እስከ አምስተኛው ረድፍ ይሰማል። የመነኩሴው ቀሚስ ወለሉ ላይ እንደ ቅርጫት ክብ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ መሐሉ ላይ ጫማው አፉን ከፍቶ፣ ጣቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዞሮ። ተዋናዩ እየሮጠ ይመጣል፣ እትዬ ከኋላው ካባውን በአንድ ስበት ያወርዱታል፣ እሱ ወደ ክቡ መሐል ይገባል፣ ቀሚሱ ወደ ላይ ይሳብለታል። ከውስጥ የሰፉት ስፌት ከውጭው የበለጠ ያማረ ነው። በየምሽቱ የሚጎተት ስፌት ስለሆነ ክሩን በሰም አሽተው፣ ጫናው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከሥር ሌላ ጨርቅ ደርበውበታል። ካባውን ገልብጬ ለረጅም ጊዜ እንዳየሁት አስታውሳለሁ።

የቁሳቁስ ጠረጴዛው በነጭ ወረቀት የተሸፈነ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ በፕላስተር የታጠረ ቦታ አለው፣ ስሙም ተጽፎበታል። ጎራዴው ካልተመለሰ ባዶው ቦታ ይጮኻል። የመድረክ መሪዋ መጽሐፍም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ የተውኔቱ ገጽ በአንድ በኩል፣ የመብራቱና የድምፁ ትዕዛዝ በሌላው፣ ሁሉም በእርሳስ። ቢክ ያነሳ ሰው ላይ ፊቷ ይጠቁር ነበር። ልምምድ እስኪያልቅ ድረስ ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ ላጲስ ያላገኘው ገጽ ያልታሰበበት ገጽ ነው። ትዕዛዝ ስታስተላልፍ መጀመሪያ «ተዘጋጅ» ትላለች፤ ከዚያ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ከዚያ «በል»። በትዕይንት ሰዓት «በል» የሚለውን ቃል በጨዋታ መካከል እንኳ እንዳንናገር ከልክላን ነበር። በሰማያዊዋ ደብዛዛ አምፖል ሥር ተቀምጣ አንዲት ቃል ለአንድ ሥራ ብቻ ጠብቃ ታኖራለች።

ቺካጎ ውስጥ ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. በአይሮኳ ቴአትር የሆነውን ያነበብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቤቱ ከተከፈተ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም፤ እሳት የማይበግረው ተብሎ ማስታወቂያ ተነግሮለት ነበር። የበዓል ሰሞን የቀን ትዕይንት ስለነበረ አዳራሹን የሞሉት በብዛት እናቶችና ልጆች ናቸው። ከአንድ መብራት የተፈናጠረ ብልጭታ መጋረጃ ያዘ። እሳት ለመከላከል የተሠራው ትልቁ መጋረጃ እንዲወርድ ተለቀቀ፤ መንገድ ላይ ተይዞ ቀረ። ሕዝቡ ወደ በሮቹ ሮጠ። አንዳንዶቹ ተቆልፈዋል፤ አንዳንዶቹ የሚከፈቱት ወደ ውስጥ ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ ያለውን መቀርቀሪያ አከፋፈቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ይህን ሳነብ ጣቶቼ ያንን ድንጋይ የሆነ ቋጠሮ በጨለማ ሲዳብሱት ተሰማኝ። መቀርቀሪያው ጠንካራ ነበር፣ ጥሩ ብረት ነበር፤ በድንጋጤ ላለ ሕፃን እጅ ግን ውል አልነበረውም።

ካርል ፕሪንዝለር የሚባል የኢንዲያናፖሊስ የብረታ ብረት ሻጭ ያን ቀን እዚያ አዳራሽ ሊገኝ አስቦ በሥራ ምክንያት ቀረ። ከዚያ በኋላ ከሄንሪ ዱፖንት ጋር ሆኖ ዛሬ በየአዳራሹ፣ በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ የምናየው የበር ብረት እንዲሠራ አደረገ፤ በ1908 ገበያ ላይ ዋለ። በበሩ ወርድ ልክ በወገብ ከፍታ የተጋደመ ብረት ነው። ቁልፍ መፈለግ የለም፣ ማዞር የለም፣ ማሰብ የለም፤ ሰውነት ሲያርፍበት ይከፈታል። ከውጭ ግን ዝግ ነው። ከመድረክ ጀርባ ከሚገኝ ዕቃ ሁሉ ከፍ አድርጌ የማየው ይህን ነው። በአጠገቡ ሳልፍ በመዳፌ ጫን አድርጌ የመፈተሽ ልማድ አለኝ፤ ትዕይንት ሊጀመር ሲል አንድ ጊዜ፣ በእረፍት ጊዜ አንድ ጊዜ።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ከሦስት ዓመት በኋላ የኋላው ትልቁ ጥቁር መጋረጃ ለእጥበት እንዲወርድ ተባለ። ያሰሩት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እጁን አላሳረፈበትም። ዘንጉን በሚቻለው ያህል አወረድነው፤ የቀረውን መሰላል ላይ ወጥቼ ጨረስኩት። ማሰሪያዎቹ ላይ የተጋደመው አቧራ እንደ ሱፍ ወፍሯል። በኪሴ ምላጭ ይዤ ነበር። ከግራ ዳር ያለውን የመጀመሪያ ጭራ በሁለት ጣቴ ያዝኩና ሳብኩት። አቧራው ረገፈ፣ ቋጠሮውም አብሮት ረገፈ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሁሉም ጭራ ወደ አንድ ወገን የተተወ ነበር፤ እጄ መፈለጉን ትቶ መሄድ ብቻ ሆነ። በቀኝ በኩል ዞሬ ከዚያም ወደ መሐል መጣሁ። የመሐሉ ማሰሪያ ነጭ ነበር፤ ዓመታቱ ግራጫ አድርገውታል። መጋረጃው በሙሉ በዚያች ብቻ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ከታች ጨርቁን የተቀበሉት ልጆች ቀና ብለው «ምነው ቆሙ?» አሉኝ።

«ያዙ» አልኳቸውና ሳብኩት።